ቦምብ ወርዋሪ መርከቦች ዋልታ ላይ ምን ሊሠሩ ሄዱ?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ድሮ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ አሳሾችን የሚልከው በአሮጌ የጦር መርከቦች ነበር ሲባል ሰማሁ። በረዶ ላይ ጠላት የለ፤ ምን ሊተኩሱ ነው? ለአሰሳ ተብሎ የተሠራ መርከብ አልነበራቸውም ወይ? መርከቦቹስ መጨረሻቸው ምን ሆነ?»

ጥያቄዎ በጣም ደስ ብሎኛል። የድሮ መርከቦችን አሠራር ማጥናት ስጀምር እኔንም መጀመሪያ የገረመኝ ይኸው ነበር። መልሱ የሚጀምረው ከመድፍ ነው። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ይያዙልኝ።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለውን ሴባስቶፖልን አይተውት ይሆናል። እሱ አምሳያው ነው፤ ዋናው መቅደላ ላይ ነው ያለው። አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ነው። እንዲህ ያለው መድፍ ሞርታር ይባላል። ቦምቡን ሽቅብ ወርውሮ ከግንብ ጀርባ ይጥለዋል። አሁን የዚያ ዓይነት ብረት የእንጨት መርከብ ላይ ተጠምዶ ሲተኮስ ያስቡት።

ቦምቡ ወደ ላይ ሲወጣ ጉልበቱ በዚያው ልክ ወደ ታች ይመታል። የመርከቡን ወለል ይደልቀዋል። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ትልቁ ሞርታር የአፉ ስፋት 33 ሳንቲሜትር ነበር። ክብደቱ ከ4 ቶን ይበልጣል። የሚወረውረው ቦምብ ደግሞ 90 ኪሎ ገደማ ነው። ተራ መርከብ ይህን አይችልም፤ ሳንቃው ይላቀቃል፣ ውኃ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን፣ ቦምብ ወርዋሪ የሚባል መርከብ ይሠሩ ነበር። ከሞርታሩ ሥር ጀምሮ እስከ መርከቡ አከርካሪ ድረስ ወፍራም ግንድ ይደረድራሉ። የጎን አጥንቶቹን ያወፍራሉ፣ ያቀራርባሉ። ባሩዱና ቦምቡ የሚቀመጥበትን ሆድ ሰፊና ጥልቅ ያደርጋሉ። ውጤቱ አጭር፣ ደንዳና፣ ቀርፋፋ መርከብ ነው። ሩጫ አያውቅም። ጡጫ ግን ይችላል።

የባሕር በረዶ ደግሞ የሚያደርገው መጨፍለቅ ነው። ነፋስና ሞገድ የበረዶውን ንጣፍ ሲገፉት በመሐል ያለችውን መርከብ ከግራና ከቀኝ እንደ ጉጠት ይይዛታል። ሳንቃ ይሰነጥቃል፣ ማገር ይሰብራል። እንግሊዞቹ ያሰቡት ነገር ቀላል ነው። ከውስጥ የሚመጣን ምት እንዲችል የተሠራ አካል ከውጭ የሚመጣን ግፊትም የተሻለ ይችላል። የቦምቡ ቦታ ደግሞ የሁለትና የሦስት ዓመት ስንቅ ይይዛል። ሞርታሩን አውርደህ ብስኩት ጫን፣ አለቀ።

የገንዘብ ጉዳይም አለበት። ናፖሊዮን በ1815 ከተሸነፈ በኋላ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ሥራ ፈታ። ከ140,000 በላይ የነበረው የሰው ኃይል በጥቂት ዓመት ውስጥ ወደ 20,000 ገደማ ወረደ። መርከቦቹ ወደብ ላይ ቆሙ። መኮንኖቹ ግማሽ ደመወዝ እየተከፈላቸው ቤት ተቀመጡ። በባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት ሁለተኛ ጸሐፊ የነበረው ጆን ባሮው የቆመውን መርከብና የተቀመጠውን መኮንን ወደ አሰሳ ላካቸው። ዋናው ፍለጋ ከአትላንቲክ ወደ ፓስፊክ በካናዳ ሰሜን በኩል የሚያሻግር የባሕር መንገድ ነበር፤ የሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ ይሉታል።

ሐሳቡ ግን ከባሮው በፊትም ነበር። በ1773 ሬስሆርስና ካርካስ የተባሉ ሁለት ቦምብ ወርዋሪዎች ወደ ሰሜን ዋልታ ተልከው ከኖርዌይ በስተ ሰሜን ካሉት የስቫልባርድ ደሴቶች በላይ በረዶ መለሳቸው። ካርካስ ላይ ገና ልጅ የሆነ አንድ ተለማማጅ ነበር። ስሙ ሆሬሺዮ ኔልሰን፤ በኋላ በትራፋልጋር ጦርነት የገነነው አድሚራል ነው።

ከ1815 በኋላ ስሟ የተነሣው ሄክላ ናት። በ1816 አልጀርስን ስትደበድብ የነበረች ቦምብ ወርዋሪ ናት። በ1819 ኤድዋርድ ፓሪ ይዟት ወደ አርክቲክ ገባ። 110 ዲግሪ ምዕራብን አልፎ ከፓርላማው የተመደበውን 5,000 ፓውንድ ሽልማት አገኘ። ሜልቪል ደሴት ላይ በረዶ ይዞት ሲከርም መርከበኞቹ ቴአትር እየሠሩ፣ ጋዜጣ እያዘጋጁ ጨለማውን ገፉት። እህቷ ፊዩሪ ግን አልቀናትም። በ1825 በረዶው ከባሕር ዳር ጋር አጣብቆ ጎዳትና ጥለዋት ሄዱ። ስንቋ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ተከምሮ ቀረ። ከሰባት ዓመት በኋላ ጆን ሮስና ሰዎቹ የራሳቸው መርከብ በረዶ ውስጥ ቀርታባቸው በእግር ወደዚያ መጡ። የፊዩሪን ስንቅ በልተው ከረሙና በ1833 ተረፉ። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ።

የቦምብ ወርዋሪዎቹ ስም ይገርማል። ሄክላ የአይስላንድ እሳተ ገሞራ ናት። ሌሎቹም ቬሱቪየስና ኤትና ይባሉ ነበር። ፊዩሪ ቁጣ፣ ቴረር ሽብር ማለት ነው። ኤረበስ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሙታን ዓለም መግቢያ ጨለማ ነው። ስሙ የወጣው ጠላትን ለማስፈራራት ነበር። ኤረበስና ቴረር ግን ዋናው ታሪካቸው ሌላ ሆነ፤ ከዚህ በኋላ አብዛኛውን የማወራው ስለ እነሱ ነው።

ቴረር በ1813 ተሠራች። በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ ባልቲሞር ወደብ ላይ ያለውን የማክሄንሪ ምሽግ ከደበደቡት መርከቦች አንዷ ነበረች። የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር «አየር ላይ የሚፈነዱ ቦምቦች» የሚለው ያንን ሌሊት ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች መዝሙሩን በሰማችሁ ቁጥር ይህችን መርከብ አስቧት።

በ1836 ጆርጅ ባክ ይዟት ወደ ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ ሄደ። እዚያ አሥር ወር በረዶ ያዛት። በረዶው አንዳንዴ ሙሉ በሙሉ ከውኃው በላይ አንሥቶ ጎኗ ላይ ያጋድማት ነበር። የኋላ ክፍሏ ተሰባበረ። በ1837 በረዶው ሲለቃት አካሏ እንዳይበታተን ዙሪያዋን በሰንሰለት ጠፍረው፣ ውኃዋን እየቀዱ አትላንቲክን አሻገሯት። አየርላንድ ሎክ ስዊሊ ሲደርሱ ልትሰምጥ ምንም አልቀራትም፤ አሸዋ ላይ አወጧት። ሌላ መርከብ ብትሆን የትም አትደርስም ነበር። ጠገኗትና ለሚቀጥለው ጉዞ አዘጋጇት።

የሚቀጥለው ጉዞ ደቡብ ዋልታ ነው። ጄምስ ክላርክ ሮስ ኤረበስን፣ ፍራንሲስ ክሮዚየር ቴረርን ይዘው በ1839 ተነሡ። ኤረበስ በ1826 ዌልስ ውስጥ የተሠራች፣ 372 ቶን የምትባል፣ ርዝመቷ 32 ሜትር ያህል የሆነች ናት። ሁለቱንም ለበረዶ አሰናዷቸው። የውጭ ሳንቃቸውን ደረቡት። የላይኛውን ወለል ሁለት ንብርብር አድርገው በመሐል ውኃ የማያሳልፍ ጨርቅ አነጠፉ።

በጥር 1841 የበረዶውን ቀበቶ በደረታቸው ጥሰው ክፍት ባሕር ገቡ። ዛሬ የሮስ ባሕር ይባላል። ፊት ለፊታቸው ጢስና ነበልባል የሚተፋ ተራራ ታያቸው። በረዶ ብቻ ባለበት አገር እሳት! ተራራውን ኤረበስ፣ ጎኑ ያለውን ቴረር አሉት። አልፈው ሲሄዱ መጨረሻው የማይታይ፣ ከባሕሩ እስከ 60 ሜትር ቀጥ ብሎ የቆመ የበረዶ ግንብ አገዳቸው። ይህ ግንብ ስፋቱ ፈረንሳይን የሚያክል ተንሳፋፊ በረዶ ጫፍ ነው። በኤረበስ ላይ ረዳት ሐኪም ሆኖ የሄደው ወጣት ጆሴፍ ሁከር በኋላ ከእንግሊዝ ታላላቅ የዕፀዋት ሊቃውንት አንዱ ሆነ።

በመጋቢት 1842 ሌሊት ላይ የሆነውን ሳነብ አሁንም እጄ ይቀዘቅዛል። በማዕበል መሐል ከፊታቸው የበረዶ ተራራ ድንገት ብቅ አለ። ኤረበስ ከእሱ ለመሸሽ ስትጠመዘዝ ከቴረር ጋር ተላተመች። ምሰሶና ገመዳቸው ተጠላለፈ። ማዕበሉ አንዷን ሽቅብ አንዷን ቁልቁል እያደረገ ያጋጫቸዋል። ሲላቀቁ ቴረር በሁለት የበረዶ ተራሮች መሐል ሾልካ አመለጠች። ኤረበስ ግን ወደ ፊት መሄጃ የላትም። ሮስ ሸራውን አዙሮ መርከቧን ወደ ኋላ አስኬዳትና በጠባቧ ክፍተት አሳለፋት። በዚያ ግጭት ሁለቱም አለመከፈታቸው የቦምብ ወርዋሪ አጥንት ስላላቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ሰላም ተመለሱ። ችግሩም እዚህ ላይ የተጀመረ ይመስለኛል። መርከቦቹ በጣም ስለታመኑ ሰው «እነዚህ ካሉ ምን ይመጣል» ማለት ጀመረ።

በ1845 ሁለቱንም ለሰሜን ምዕራብ መተላለፊያ አዘጋጇቸው። መሪው የ59 ዓመቱ ሰር ጆን ፍራንክሊን ነው። እነ ሮስ ወደ ደቡብ ሲያልፉ ታዝማኒያ ላይ አገረ ገዥ ሆኖ የተቀበላቸው እሱ ነበር። ጄምስ ፊትዝጄምስ የኤረበስ፣ ክሮዚየር የቴረር ካፒቴን ሆኑ። የመርከቦቹን የፊት አፍንጫ በብረት ለበጡት። የባቡር ሞተር ሆዳቸው ውስጥ ገባ፤ የኤረበስ 25 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የሦስት ዓመት ስንቅ ተጫነ፤ ከዚያ ውስጥ 8,000 ያህል ቆርቆሮ የታሸገ ምግብ ነው። መጻሕፍትም ነበራቸው፣ በየመርከቡ ከ1,000 በላይ። ግንቦት 19 ቀን ተነሡ። ግሪንላንድ ላይ አምስት ሰው ተመለሰ። 129 ሰው ቀጠለ። በሐምሌ መጨረሻ ዓሣ ነባሪ አዳኞች ባፊን የባሕር ወሽመጥ ላይ አዩዋቸው። ከዚያ በኋላ እነሱን ያየ ፈረንጅ የለም።

ምን እንደ ደረሰባቸው የምናውቀው በአብዛኛው ከአንዲት ወረቀት ነው። በ1859 ኪንግ ዊሊያም ደሴት ላይ የድንጋይ ቁልል ሥር ተገኘች። ያገኘም ሰው እንዲያደርስ በስድስት ቋንቋ የሚለምን የታተመ ቅጽ ነው። መሐሉ ላይ ግንቦት 28 ቀን 1847 የተጻፈ ነገር አለ፤ ሁሉም ደኅና ነው ይላል። ጠርዙ ላይ ደግሞ በዙሪያው የሚሽከረከር ሌላ ጽሑፍ አለ። እሱ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1848 የተጻፈ ነው። መርከቦቹ ከመስከረም 1846 ጀምሮ በረዶ ውስጥ ተይዘዋል ይላል። ፍራንክሊን ሰኔ 11 ቀን 1847 ሞተ። «ደኅና ነን» ከተባለ ሁለት ሳምንት ነው። 24 ሰው ሞቷል። የቀሩት 105 ሰዎች ከመርከብ ወርደው በእግር ወደ ደቡብ ሊሄዱ ነው። የፊትዝጄምስና የክሮዚየር ፊርማ አለበት። አንድም ሰው አልተረፈም።

ልብ ይበሉ፦ ሰዎቹ ሲወርዱ መርከቦቹ አልሰመጡም። ሁለት ክረምት ሲጨፈለቁ ቆይተው ገና ቆመው ነበር። ያለቀው ሰው ነው። በሽታ፣ ብርድና ረኃብ ጨረሳቸው። ከ100 በላይ ሰው የሚመግብ እንስሳ እዚያ አካባቢ በጥይትም በወጥመድም አይገኝም። ስንቅ ሲያልቅ ያልቃል። እንደ እኔ እምነት ስሕተቱ የመርከቡ ድክመት አይደለም፤ ጥንካሬው ራሱ ሰዎቹን ከማይወጡበት ቦታ አደረሳቸው።

ለማነጻጸር ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ከ1903 እስከ 1906 መተላለፊያውን በመርከብ ለመጀመሪያ ጊዜ አለፈው። ጆኣ የምትባለው ጀልባው 47 ቶን ብቻ ነበረች። ድሮ ዓሣ ይጠመድባት ነበር። ከእሱ ጋር ስድስት ሰው ብቻ ነበር። በጠባቡና ጥልቀት በሌለው በኪንግ ዊሊያም ደሴት ምሥራቅ በኩል ሾለከ። ሁለት ክረምት የዚያ በረዷማ አገር ነባር ሕዝብ ከሆኑት ከኢኑይቶች ጋር ተቀምጦ ልብሳቸውን፣ የውሻ አነዳዳቸውን ተማረ። በ1916 ደግሞ የቺሊ ባሕር ኃይል የልቾ የተባለች ለበረዶ ያልተዘጋጀች ትንሽ የእንፋሎት መርከብ ልኮ የደቡብ ዋልታ አሳሹ ሻክልተን ኤሌፋንት ደሴት ላይ የተዋቸውን 22 ሰዎች በሙሉ አወጣ። ካፒቴኑ ሉዊስ ፓርዶ በረዶው የተከፈተባትን ሰዓት ተጠቀመባት። ያን ቀን ያስፈለገው ፍጥነት ነበር።

ፍራንክሊንን ፍለጋ ብዙ የባሕር ኃይል መርከቦች ሄደዋል። ሬዞሉት የተባለችውን በ1854 በረዶ ውስጥ ጥለዋት ወጡ። ብቻዋን 1,900 ኪሎ ሜትር ያህል ተንሳፈፈች። በ1855 አንድ አሜሪካዊ ዓሣ ነባሪ አዳኝ አገኛት። የአሜሪካ መንግሥት በ40,000 ዶላር ገዝቶ፣ አድሶ ለንግሥት ቪክቶሪያ መለሳት። ስትፈርስ ከሳንቃዋ ጠረጴዛ ተሠርቶ በ1880 ለፕሬዚዳንት ሄይስ ተላከ። ዛሬ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ተቀምጠው ሲፈርሙ በቴሌቪዥን የምናየው ያ ጠረጴዛ ነው።

ከፈላጊዎቹ መርከቦች በአንዱ ላይ ክሌመንትስ ማርክሃም የሚባል ወጣት የባሕር ኃይል ሰው ነበር። ይህ ስም ለእኛ ባዳ አይደለም። በ1868 ከናፒየር ጦር ጋር የጂኦግራፊ ባለሙያ ሆኖ መቅደላ ድረስ መጥቷል። ያንን ዘመቻም በመጽሐፍ ጽፎታል። በበረዶ የጀመረ ሰው ሴባስቶፖል የቆመበት አምባ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያም ወደ በረዶው ጉዳይ ተመለሰ። በ1875 አለርትና ዲስከቨሪ የተባሉ መርከቦች ወደ ሰሜን ዋልታ እንዲላኩ ከገፋፉት አንዱ እሱ ነው። የአጎቱ ልጅ አልበርት ማርክሃም ከዚያ ጉዞ ላይ በበረዶ ላይ እየተጓዘ 83 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ ደረሰ። እስከዚያን ጊዜ ያን ያህል ወደ ሰሜን የሄደ የተመዘገበ ሰው አልነበረም። ስከርቪ የሚባለው በቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ ግን ጉዞውን አስቆመው። ከዚህ በኋላ ያለው የባሕር ኃይል ታሪክ በአብዛኛው የብረትና የሞተር ነው፤ በ1958 የአሜሪካዋ የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ ናውቲለስ በሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር ሰርስራ አለፈች።

የመርከቦቹ መጨረሻ ምን ሆነ ላሉት፣ እዚህ ላይ የምቆጭበት ነገር አለ። ኢኑይቶች ከመጀመሪያው ጀምሮ ተናግረዋል። ጆን ሬ የተባለው ሐኪምና ተጓዥ በ1854 ቃላቸውን ይዞ ለንደን ሲገባ፣ የተራቡት ሰዎች የሞቱ ጓደኞቻቸውን ሥጋ እንደ በሉ ጭምር ተናገረ። ለንደን አልቀበልም አለች። ቻርልስ ዲከንስ ሳይቀር የኢኑይቶቹን ቃል የሚያጣጥል ጽሑፍ አወጣ። በኋላ የተገኙ አጥንቶች ላይ የቢላ ምልክት ታየ። በ2024 አንደኛው አጥንት በዲኤንኤ ተመርምሮ የፊትዝጄምስ መሆኑ ታወቀ፤ ምልክቱ እሱም ላይ አለ። ከ160 ዓመት በላይ የእናትና የአያት ወሬ ተብሎ የተናቀው ሁሉ እውነት ነበር። አንድ መርከብ ከኪንግ ዊሊያም ደሴት በስተ ደቡብ እንደ ሰመጠም ከልጅ ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል። ሉዊ ካሙካክ የሚባል ኢኑይት የታሪክ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ያንን ወሬ ከሽማግሌዎች ሲሰበስብ ኖረ።

በመስከረም 2014 ኤረበስ በዚያው አካባቢ ተገኘች። 11 ሜትር ጥልቀት ላይ ብቻ ነው ያለችው። ደወሏ ወጥቷል።

የቴረር ደግሞ ይብሳል። ሳሚ ኮግቪክ የሚባል፣ በደሴቱ ላይ ያለችው የጆኣ ሄቨን መንደር አዳኝ፣ መርከቧ ከመገኘቷ ጥቂት ዓመታት በፊት ከጓደኛው ጋር በበረዶ ሞተር ሳይክል ዓሣ ሊያጠምድ ሲሄድ ከባሕሩ በረዶ ላይ ብቅ ያለ እንጨት አየ። ወርዶ አቅፎት ፎቶ ተነሣ። ቤቱ ሲደርስ ካሜራው ጠፍቷል። ማን ያምነኛል ብሎ ዝም አለ። በ2016 አንድ የፍለጋ መርከብ ላይ ሲሠራ ለኃላፊው ነገረው። መርከቧ አቅጣጫዋን ቀይራ ወደዚያ ሄደች። ቴረር እዚያው ነበረች፤ 24 ሜትር ጥልቀት ላይ ቀጥ ብላ ቁጭ ብላለች። የባሕር ወሽመጡ ስም ከድሮም ቴረር ይባል ነበር። እንግሊዝ በ2018 ሁለቱንም ለካናዳ ሰጠች፤ ዛሬ ካናዳና ኢኑይቶች አብረው ይጠብቋቸዋል።

በ2019 ጠላቂዎች በርቀት የሚመራ ትንሽ ካሜራ በቴረር የጣሪያ ክፍት በኩል ወደ ውስጥ አስገቡ። ሳህኖች መደርደሪያው ላይ በተርታ ቆመዋል። ጠርሙሶች ቦታቸው ናቸው። የክሮዚየር ጠረጴዛ አለ፤ መሳቢያዎቹ ዝግ ናቸው። ደለል ሸፍኗቸዋል። ደለልና ብርድ ደግሞ ወረቀት ያቆያሉ። ካሜራው በዚያ ወለል ላይ ያሉትን ክፍሎች እየዞረ አየ፤ በሮቻቸው ክፍት ነበሩ። የካፒቴኑ መኝታ ቤት በር ብቻ ተዘግቶ አገኘው።